ድጎማው ለተከላ ነው ወይስ ለሚሠራ ነገር? ለወረዳ የታዳሽ ኃይል ዕቅድ ምክር እንፈልጋለን (ጎጃም)

ጥያቄ | ወረዳ ኢነርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለአንድ ወረዳ የሚቀጥለው በጀት ዓመት የታዳሽ ኃይል ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው። ከላይ የሚጠየቀው ቅጽ አጭር ነው፦ ስንት ባዮጋዝ፣ ስንት ሶላር፣ ስንት ምድጃ ይተከላል? ቁጥር ሞልቶ መላክ ይቻላል። ነገር ግን ቀደም ባሉት ዓመታት ከተገነቡት የባዮጋዝ ማብላያዎች (እበትና ውሃ ታምቆ የማብሰያ ጋዝ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች) ጥቂት የማይባሉት እበት ሳይገባባቸው ቆመዋል። በነፃ የታደሉት የሶላር መብራቶችም ባትሪያቸው ደክሞ ጥግ ተጥለዋል። ያንኑ መድገም አንፈልግም።

የወረዳው መሬት ሦስት ዓይነት ነው። ደጋው ጮቄ ተራራ ሥር፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሰብሉ ገብስና ድንች፣ ማገዶው ኩበትና ባሕር ዛፍ። ወይና ደጋው ጤፍና በቆሎ አምራች፣ ከአስፋልቱ ብዙ ያልራቀ ነው፤ የመብራት መስመር በላዩ ያልፋል፣ አብዛኛው ቤት ግን አልገባለትም። ቆላው ወደ አባይ የሚወርደው ሲሆን ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በቤንዚን ፓምፕ ይለማበታል።

ማወቅ የምንፈልገው ይህን ነው። ድጎማ በምን መልክ ቢሰጥ ነው ዕቃው ከሁለት ዓመት በኋላም እየሠራ የሚገኘው? የትኛው ቴክኖሎጂ ለየትኛው ቀበሌ ይሆናል? የሌሎች ታዳጊ አገሮች ፖሊሲ ውስጥ በወረዳ ደረጃ ልንወስደው የምንችለው ነገር አለ? እባካችሁ በቁጥር አስደግፋችሁ መልሱልን።

መልስ | ጉልላት

ከባዮጋዙ ልጀምር። የቆሙት ለምን እንደቆሙ ሳይታወቅ አዲስ ቁጥር መያዝ ገንዘብ መቅበር ነው።

ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። የተመረጠው ማብላያ ከኔፓል ባለ ጉልላት ዲዛይን ለእኛ አገር የተስተካከለው "ስንዱ" ነው። ዲዛይኑ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከአባወራ አመራረጥ ነው።

ለ6 ሜትር ኩብ ማብላያ በቀን 40 ኪሎ ትኩስ እበትና 40 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። "አራት ከብት ያለው ይበቃዋል" የሚባለው አንድ የአበሻ ከብት በቀን 10 ኪሎ ይሰጣል ከሚል ሒሳብ የመጣ ነው። ይህ የሚሆነው ከብቱ ሙሉ ቀን ታስሮ ሲመገብ ብቻ ነው። በጎጃም ከብት ጠዋት ይሰማራል፣ ማታ ይገባል፤ በረት ውስጥ የሚገኘው የሌሊቱ እበት ከአንድ ከብት 5 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አራት ከብት 20 ኪሎ ነው የሚሰጡት፣ ማብላያው ግማሽ ሆዱን ይውላል፣ ጋዙ ከታሰበው በግማሽ ይቀንሳል፣ ሴትየዋም ወደ ኩበቷ ትመለሳለች። በስድስት ወር ውስጥ የላይኛው ድብልቅ ደርቆ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ማስነሳት ከባድ ነው።

ሒሳቡን ከሌሊቱ እበት ተነሡ። አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። የአንድ ቤት ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ይበላል። አምስት ከብት ያለው ቤት 25 ኪሎ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ ማለትም የሁለት ሰዓት ተኩል እሳት ያገኛል፤ ለእሱ 4 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። ስድስቱን ሜትር ኩብ ስምንት ከብት ላለው ወይም ከብቱን አስሮ በአጨዳ ለሚመግብ ስጡ። ውሃው ከ20 ደቂቃ መንገድ በላይ ከራቀ ደግሞ ባትጀምሩት ይሻላል፤ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ተጨማሪ ውሃ ማለት ነው፣ የሚሸከሙትም እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ሌላም አለ። አዲስ ማብላያ ለመጀመሪያ ሙሊት ከ2 ሺህ ኪሎ የማያንስ እበት ይፈልጋል። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት እበቱ ተጠራቅሞ፣ በገለባ ተሸፍኖ እርጥብ ሆኖ መገኘት አለበት።

ግንባታው ላይ ትልቁ ጠላት የበጀት አቆጣጠራችን ነው። ገንዘቡ ዘግይቶ ይለቀቃል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ስለዚህ ግንበኛው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይጣደፋል። በዝናብ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ይይዛል። ጉልላቱ የሚፈስስበት የአፈር ቅርጽ ይናዳል። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየተረጨበት መጥናት ያለበት ሲሚንቶ ሳይጠና አፈር ይጫንበታል። የጉልላቱ ውስጥ በተከታታይ ንብርብር ይለሰናል፣ የመጨረሻው ንብርብር አክሪሊክ ቀለም የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ነው። ያ ንብርብር በችኮላ ከተዘለለ ጋዙ በግድግዳው ይሰርጋል፣ በዓይን ግን ምንም አይታይም። ከላይ 40 ሳንቲሜትር የተጠቀጠቀ አፈር ከሌለው ደግሞ የጋዙ ግፊት ራሱ ጉልላቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቁፋሮው ከኅዳር እስከ መጋቢት እንዲያልቅ በዕቅዱ ላይ በወር ጻፉት።

ወደ ድጎማው ስመጣ፣ ኔፓል ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራችበት መንገድ ለወረዳም ይሆናል። ድጎማው ለገንቢው ድርጅት የሚከፈለው ግንባታው ተመርምሮ ሲያልፍ ነው፤ ገንቢውም ዋስትና ይሰጣል፣ የተወሰነ ገንዘቡም ይያዝበታል። እናንተ እንዲህ ልታደርጉት ትችላላችሁ፦ ከድጎማው ግማሹ የጋዝ ፍሳሽ ፍተሻ ሲያልፍ፣ ሩቡ በስድስተኛው ወር ምድጃው ሲነድ ታይቶ፣ ቀሪው ሩብ በዓመቱ። የሚከፈለው ለግንበኞች ማኅበሩ ነው። ያን ጊዜ ግንበኛው ራሱ እየሄደ "እበት አስገባችሁ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ነገር በግልጽ ንገሯቸው፦ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም። አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው፤ ምድጃው በሰዓት 0.4 ሜትር ኩብ ሲያነድ 2.4 ኪሎዋት ነው፣ ግማሹ ቢባክን ምጣዱ ላይ የሚደርሰው 1.2 ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በዚህ ሙቀት ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ለወጥ፣ ለቡና፣ ለሽሮ፣ ለወተት ነው ብላችሁ ከጅምሩ ተናገሩ፤ እንጀራ ተስፋ ሰጥታችሁ ካጣችው በቀሪውም አታምናችሁም።

መልስ | ዋት በዋት

ሶላሩን ልቀጥል። ነፃ እደላን ከዕቅዱ አውጡ፤ የምታስወጡበት ምክንያት ደግሞ የገንዘብ እጥረት አይሁን። ባንግላዴሽ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ4 ሚሊዮን በላይ የቤት ሶላር የተከለችው በብድር ነው። ሻጩ ድርጅት ራሱ ይተክላል፣ ራሱ ክፍያ ይሰበስባል፣ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ሲል ራሱ ይጠግናል። መንግሥት የሰጠው ለሻጮቹ ረጅም ብድርና እየቀነሰ የሚሄድ ድጎማ ነበር። በኋላ ሌላ መርሐ ግብር በነፃ ማደል ሲጀምርና የመብራት መስመሩ ሲስፋፋ፣ ሰው ብድሩን መክፈል አቆመ፣ ጠጋኙም ጠፋ። ነፃ መብራት የደረሰበት ቀበሌ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ባትሪ የሚሸጥ ሰው አይኖርም።

የእኛም አገር መሠረቱ አለው። የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 317/1995 የተቋቋመ ነው። በልማት ባንክ በኩል ለአስመጪዎችና ለማይክሮ ፋይናንስ የብድር መስመር ተከፍቶ ነበር፤ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም (አብቁተ) በገጠር ለኃይል ዕቃ ብድር የሰጠ ተቋም ነው። ወረዳው ማድረግ ያለበት ዕቃ መግዛት ሳይሆን የብድሩን ስጋት መጋራት ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያውን ክፍያ ይሸፍናል ወይም የወለዱን ከፊል። የመክፈያው ወር ከእህል ሽያጭ ጋር ይግጠም፣ ከጥር እስከ መጋቢት። ሐምሌ ላይ ክፈል የተባለ ገበሬ ወይ በሬ ይሸጣል ወይ ይከዳል።

ጨረታ ካወጣችሁ ሰነዱ ላይ "ሶላር 50 ዋት፣ ባትሪ ያለው" ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። ትንንሾቹ ኪቶች (ፓነል፣ ባትሪና አምፖል አንድ ላይ የሚሸጡት) አይ.ኢ.ሲ. 62257-9-8 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈተኑ፣ የሶላር ዕቃ ጥራት በሚያረጋግጠው በቬራሶል ዝርዝር ላይ ያሉ ይሁኑ፤ ይህን በስልክም ማጣራት ይቻላል። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይሁን። ለኪቱ የሁለት ዓመት ዋስትና፣ መለዋወጫው ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ተከማችቶ፣ ከክፍያው 15 በመቶ ለዓመት ተይዞ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ባሕር ዳር ያለ መለዋወጫ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዲዛይን ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ዓመታዊውን አማካይ ፀሐይ በመውሰድ ነው። በጋውን አይታችሁ ከሠራችሁት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባትሪው በየቀኑ ባዶ ያድራል፣ በሁለት ክረምት ይሞታል። ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ በቀን 4 ሰዓት ብቻ ሙሉ ፀሐይ እንደሚገኝ አድርጋችሁ አስሉ። ፓነሉ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘነብል፤ ከዚያ በታች ሲጋደም ውሃና አቧራ ይይዛል። ከባሕር ዛፍ ጥላ አርቁት፤ ጥላው ጠዋት የፓነሉን አንድ ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ ምርቱ በጣም ይወርዳል።

ቀረጥን በተመለከተ ከወረዳ በላይ ቢሆንም እወቁት። ፓነል በጉምሩክ ኮድ 8541.43፣ ኢንቨርተር 8504.40፣ ሊቲየም ባትሪ 8507.60፣ ፓምፕ 8413.70 ነው የሚገቡት። ኪቱ ሙሉ ሆኖ ሲገባ የሚያገኘው ማበረታቻ ባትሪው ለብቻው መለዋወጫ ሆኖ ሲገባ ላይደርሰው ይችላል፣ የሚያልቀው ደግሞ ባትሪው ነው። አቅራቢው የትኛውን ኮድ እንደተጠቀመ በጽሑፍ ያሳያችሁ። ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. የሶላርን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት አነሣች፣ በ2014 መለሰች፣ በ2020 ታክሱን እንደገና ጣለች፣ በ2021 ታክሱን አነሣች። ይህ መወዛወዝ ነጋዴው ዕቃ እንዳያከማች ያደርገዋል፤ መለዋወጫ ማጣት ከዚያ ይመጣል።

ወረዳ ኢነርጂ

እግዚአብሔር ይስጥልን። የሌሊት እበቱ ሒሳብ በቀጥታ መስፈርታችን ውስጥ ይገባል። ሁለት ነገር ቀርቷል። ቆላው ላይ ገበሬው የሚጠይቀው መብራት ሳይሆን ፓምፕ ነው፣ ቤንዚን ሲጠፋ ሽንኩርቱ ይደርቅበታል። ወይና ደጋው ላይ ደግሞ "ግድቡ ተመረቀ፣ ሽቦው በላያችን ያልፋል፣ ለምን ሶላር ትሰጡናላችሁ?" ይላሉ። ደጋውስ?

መልስ | ቆላ ውሃ

የሶላር ፓምፕ ለእናንተ ቆላ እጅግ የሚስማማ ነው፤ ውሃ የሚፈለግበት ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ፀሐዩ የሚበረታበት ነው። ባትሪም አያስፈልገውም። የሚበላሸው መጠኑ በግምት ሲገዛ ነው።

ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት ውሰዱ። በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢፈልግ 25 ሜትር ኩብ ነው። ከወንዙ እስከ ማሳው ያለው ከፍታ ከቧንቧው ኪሳራ ጋር 12 ሜትር ይሁን። 25 በ12 በ9.81 ተባዝቶ ለ3,600 ሲካፈል 0.82 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፤ ይህ ውሃው ራሱ የሚፈልገው ነው። ፓምፑና ሞተሩ አንድ ላይ 40 በመቶ ብቃት ካላቸው ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያድጋል። ለ5 ሰዓት ፀሐይ ሲካፈል 410 ዋት፣ ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሽቦ ኪሳራ 25 በመቶ ሲያዝ 545 ዋት። አሁን ገበያ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ፓነል ማለት ነው። ከፍታው 24 ሜትር ከሆነ ሁሉም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከጨረታው በፊት በየማሳው ከፍታውን ለኩ፤ በግልጽ ቱቦ ውሃ ልክም ቢሆን ይለካል።

ገጸ ምድር ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ከውሃው ወለል ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ካለ በዚያ ከፍታ ላይ አይስብም። የአባይ ገባር ዳሩ ገደላማ ስለሆነ ብዙ ቦታ ላይ ይህ ያጋጥማል፤ እዚያ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ያስፈልጋል። የሚጠልቀው ደግሞ ደለል ይጠላል። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ያለው ውሃ አሸዋ የተሸከመ ነው፣ የፓምፑን ጥርስ በአንድ ወቅት ይበላዋል። መምጠጫውን በጠጠር በተሞላ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት። ፓነሉን በኮንክሪት አትቅበሩት፣ በሚገፋ ጋሪ ላይ ይሁን፤ ክረምት ሲመጣ ከጎርፉ ይነሣል፣ ማታ ደግሞ ግቢ ይገባል፣ ሌባም አያገኘውም።

ፖሊሲው ላይ የሕንድ "ፒኤም ኩሱም" ጥሩ መነሻ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የጀመረ ሲሆን ለገበሬ ፓምፕ ማዕከላዊው መንግሥት 30 በመቶ፣ ክልሉ 30 በመቶ፣ ቀሪውን 40 ገበሬው ይሸፍናል፤ ከ40ው አብዛኛውን ባንክ ማበደር ይችላል። አቅራቢው ለአምስት ዓመት የመጠገን ግዴታ አለበት። ይህ የአምስት ዓመት ግዴታ ከመቶኛው የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል። የታየው ጉዳት ደግሞ ነዳጅ የማይጠይቅ ፓምፕ ሳይጠፋ መዋሉና የከርሰ ምድር ውሃ መውረዱ ነው። እናንተ ጋ ወንዙ ላይ የታችኛው ተጠቃሚ አለ። ድጎማውን ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ስጡ፣ ተራው በሰዓት ይደልደል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ከሆነ ምንጩን አስቀድማችሁ ለኩ። በሴኮንድ 0.3 ሊትር የሚያመነጭ ጉድጓድ በሰዓት 1 ሜትር ኩብ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በ5 ሰዓት 25 ሜትር ኩብ የሚስብ ፓምፕ ካስገባችሁበት ደረቁን ዞሮ ይቃጠላል። ደረቅ ሲሆን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የሌለውን አትቀበሉ።

መልስ | መስመር

የወይና ደጋው ሰዎች ጥያቄ ትክክል ነው፣ በአክብሮት መመለስ አለበት። ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ አቅሙ ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ነው። ጢስ አባይ የመጀመሪያው ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጎጃም ዙሪያው ኃይል ማመንጫ ነው። የጎደለው ማከፋፈያው ነው፦ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ፣ የቤት ውስጥ ገመድ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35ቱን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ነበር ያለመው። ሽቦ በላያቸው ለሚያልፍ ቀበሌዎች መንገዱ ዋናው መስመር ነው። እዚያ የሶላር ድጎማ መስጠት ገንዘቡን በማይረባ ቦታ ማዋል ነው።

ወረዳው መስመር አይዘረጋም፣ ያ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። የወረዳው ድርሻ የተሟላ የጭነት ዝርዝር ይዞ መጠየቅና የመግቢያውን ክፍያ ማቅለል ነው። ዝርዝሩ ሲሠራ መብራት ብቻ አትቁጠሩ። 60 ቤት በአማካይ 0.3 ኪሎዋት ቢይዝ 18 ነው። ከእነሱ 15ቱ ምጣድ ቢገዙና ግማሾቹ በአንድ ጊዜ ቢጋግሩ 26 ይሆናል። አንድ ወፍጮ 15። ድምሩ 59 ኪሎዋት፣ በ0.85 የኃይል ፋክተር ሲካፈል 70 ኪሎ ቮልት አምፒር (የትራንስፎርመር አቅም የሚለካበት)። ስለዚህ የ100 ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። በመብራት ብቻ ተሰልቶ 25 ከመጣ የፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ደግሞ እስኪተካ ወራት ይፈጃል። ከትራንስፎርመሩ ርቆ ያለው ቤትም አለ። የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመሩ ከ800 ሜትር በላይ ሲጎተት መጨረሻ ላይ ያለው 220 ሳይሆን 170 ቮልት ያገኛል፣ እዚያ የተተከለ የወፍጮ ሞተር ይግልና ጥቅልሉ ይነዳል። ወፍጮውን ከትራንስፎርመሩ አጠገብ አድርጉት።

ለመግቢያው ድጎማ ስትሰጡ ቆጣሪው ላይ ብቻ አይቁም። ብዙ ቤት ቆጣሪ ተገጥሞለት የቤት ውስጥ ገመድ መግዣ አጥቶ ይቀመጣል። ለድሃው አባወራ ሁለት አምፖል፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ሶኬት፣ የመሬት ገመድ ያለው ዝግጁ ሰሌዳ ብትሰጡት በዚያው ቀን ይገባል። ቀሪው ወጪ በሁለት ዓመት ይከፈል።

ሚኒ ግሪድ (ከዋናው መስመር ተለይቶ ለአንድ መንደር ብቻ ኃይል የሚያከፋፍል ትንሽ መስመር) የሚታሰበው ዋናው መስመር በቅርቡ በማይደርስበት፣ ቤቱ ተሰብስቦ በተቀመጠበት ቦታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 810/2006 ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የሚኒ ግሪድ መመሪያም በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ጉዳዩን የያዘው ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አስቡ። አንደኛ ታሪፉ። የሶላር ሚኒ ግሪድ ሙሉ ወጪውን ለመመለስ በኪሎዋት ሰዓት ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ይጠይቃል። በዋናው መስመር ደግሞ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ለረጅም ዓመታት በ0.273 ብር ነው የተሸጠው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ቢሆንም ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው። ጎረቤት ቀበሌ በጥቂት ብር ሲያበራ የዚህኛው ነዋሪ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ልክፈል አይልም። ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን ሳይታወቅ አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ መስመሩ ሲደርስ ባለሀብቱ ምን ይሆናል? ናይጄሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ከ100 ኪሎዋት በታች ያለው ተመዝግቦ ብቻ ይሠራል፤ ፈቃድ ያወጣው ደግሞ መስመር ሲደርስ ወይ አከፋፋይ ይሆናል ወይ ካሣ ተቀብሎ ያስረክባል። የእናንተም ውል ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍ። ምጣድ ግን በ50 ኪሎዋት ሚኒ ግሪድ ላይ አይታሰብም፤ ሃያ ምጣድ ብቻ 70 ኪሎዋት ነው።

መልስ | ጉልላት

ደጋው ለእኔ የቀረ ይመስለኛል። እዚያ ባዮጋዝ አትደጉሙ። የማብላያው ተህዋስ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው በደንብ የሚሠራው፤ ከ15 በታች ሲሆን ይደክማል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ሊቆም ይደርሳል። ጮቄ ሥር የአፈሩ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ዝቅተኛ ነው። ጉልላቱ ላይ ብስባሽ መከመር ትንሽ ይረዳል፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ግን በዚያ ብቻ ወጪውን አይመልስም።

ደጋው ላይ የሚያዋጣው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው፦ ለእንጀራ "ምርጥ"፣ ለወጥ "ትክክል"። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግማሽ ኩበት ተረፈ ማለት ግማሹ ወደ ገብስ ማሳው ይመለሳል ማለት ነው፤ ማዳበሪያ በተወደደበት በዚህ ዘመን ገበሬው ይህን ቶሎ ይረዳዋል።

መልስ | ዋት በዋት

በምድጃው እስማማለሁ፣ በአደጋገፉ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ምድጃውን ራሱን አትደጉሙ። በግማሽ ዋጋ የሚታደል ምድጃ እስካለ ድረስ አምራቿ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ አታገኝም። ምድጃው የሚወጣበትን የብረት ቅርጽ፣ ሥልጠናውንና የመጀመሪያውን ሲሚንቶ ለአምራቾቹ በተዘዋዋሪ ብድር ስጧቸው። አንድ የቅርጽ ስብስብ በሦስት ቀበሌ መሐል ይቀመጥ፤ ክፍሎቹ ከባድ ስለሆኑ በአህያ ከሩቅ ሲመጡ ይሰበራሉ።

መልስ | ጉልላት

ትክክል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ምርጥ ምድጃ ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ እየረጠበ ሰባት ቀን መክረም አለበት። አምራቿ ገንዘብ ስትፈልግ በሦስተኛው ቀን ትሸጠዋለች፣ በሁለተኛው ጋገራ ይሰነጠቃል፣ ወሬውም በገበያ ቀን ይዛመታል። የተመረተበት ቀን እርጥብ ሳለ በሚስማር ይጻፍበት፤ ተቆጣጣሪው ከመሸጡ በፊት ቀኑን ያነብባል።

ወረዳ ኢነርጂ

የመጨረሻ ጥያቄ። "ሲሠራ ከታየ በኋላ ይከፈል" የሚለውን ማን ያረጋግጣል? የቀበሌ ባለሙያው ብቻውን ከሆነ ሁሉንም "ይሠራል" ብሎ ሊፈርም ይችላል።

መልስ | መስመር

ተካዩም ከፋዩም ያልሆነ ሰው ይሁን፤ የሌላ ቀበሌ ባለሙያ ከአንዲት ተጠቃሚ ሴት ጋር ቢሄዱ ይበቃል። ሁሉንም መዞር አያስፈልግም፣ ከአሥሩ ሦስቱ በዕጣ ይታዩ፣ ቀኑም አስቀድሞ አይነገር። ከሦስቱ አንዱ ከቆመ የዚያ ማኅበር ሙሉ ክፍያ ይዘገይና አሥሩም ይታያሉ።

የሚታየውም በቁጥር ይሁን። ባዮጋዝ ከሆነ የመግቢያው ድብልቅ ትኩስ ነው ወይ፣ የግፊት መለኪያው ስንት ያነባል፣ ምድጃው በሰማያዊ እሳት ስንት ደቂቃ ነደደ። እሳቱ የሚርገበገብ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ቋጥሯል፤ የውሃ ማውጫው ተከፍቶ ከፈሰሰ በኋላ እንደገና ይታይ፣ በዚህ ብቻ ማንም አይወድቅም። ሶላር ከሆነ ማታ ከበራ በኋላ የባትሪው ቮልት ይለካ፤ በ12 ቮልት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ላይ መብራቱ እየበራ ከ12 ቮልት በታች ካነበበ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ፓነሉ ጥላ ውስጥ ነው። ፓምፕ ከሆነ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሴኮንድ ሞላ? ከላይ የተሰላው 25 ሜትር ኩብ በ5 ሰዓት በሴኮንድ 1.4 ሊትር ነው፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ጀሪካኑ በ14 ሴኮንድ አካባቢ መሙላት አለበት። ከ20 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ ክፍያው ይቁምና አቅራቢው ይጠራ።